ውኃው የት ይገባል?

የደጋ ሰውና ባሕር፤ በአሽዶድ ለተሰበሰቡ ወገኖች የቀረበ ዲስኩር



ስለ ባሕር እንድናገር መጋበዜን የሰማ አንድ ወዳጄ፣ «አንተ የወገራ ሰው! ስለ ገብስና ስለ ውርጭ ብታወራ አይሻልህም?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ይገባኛል። ወገራ ደጋ ነው፤ ከምፅዋም ከጅቡቲም ሩቅ ነው። በልጅነቴ በመንደራችን ባሕር ያየ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ልቤን እንደ ባሕር የያዘው ነገር የለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የጂኦግራፊ መጽሐፉን ገልጬ በካርታው ላይ ሰማያዊውን ቦታ ሳይ እውል ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍሁት በዚህችው ከተማ ነማል፣ ማለትም በወደቧ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ጠዋት ጠዋት የሚፈልገኝ ሰው የሚያገኘኝ ባሕሩ ዳር ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ መልስ ይዤ መጥቻለሁ። የምለው ነገር አንድ ነው፤ እኛ ለባሕር እንግዶች አይደለንም፤ ከእሱ ጋር የቆየ ጉዳይ አለን። ጉዳዩን ያላወቀ ሰው ወይ ባሕርን በጭፍን ይፈራል፣ ወይ በጭፍን ይደፍራል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከክረምት ልነሣ። በሐምሌ የሀገራችን ወንዞች ምን እንደሚመስሉ ታላላቆቼ ታስታውሳላችሁ። በበጋ ልጅ በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ደፍርሶና ቀልቶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ያ ቀይ ነገር የምናርሰው ማሳ አፈር ነው። አንድ ቀን አባቴን፣ «ይህ ሁሉ ውኃ የት ይገባል?» አልሁት። «ወደ ቆላ» አለኝ። «ከቆላስ?» «ወደ ሱዳን በረሃ።» «ከዚያስ?» አባቴ ሰለቸው። «ልጄ፣ ውኃ መጨረሻ የለውም፤ ይልቅ ከብቶቹን መልስ» አለኝ። ከብቶቹን መለስሁ፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም። አዋቂዎችም ቢሆኑ «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ከማለት በቀር ስለ ወንዙ መጨረሻ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ባሕርን ባናየውም ባሕሩ ግን በቤታችን ነበር። አሞሌውን አስቡት። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከደናክል ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው የጥንት ባሕር ቅሪት ነው። ቀይ ባሕር በቀደሙት ዘመናት ወደዚያ ጎድጓዳ ስፍራ ይገባ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋበት ውኃው በፀሐይ ተኖ ጨዉን ጥሎ ሄደ። ንብርብሩ በአንዳንድ ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። ምድሩም ዛሬ ድረስ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በገበያችን እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ደጋ ላይ ተቀምጦ ባሕርን በእጁ ቆጥሮ በሬ የሚገዛ ሕዝብ ነበርን ማለት ነው። በመሶቡና በአንገት ጌጡ ላይ የሚሰፋው ዛጎልም የባሕር እንስሳ ቤት ነው፤ ከሞቃት ባሕሮች ዳርቻ ተለቅሞ በነጋዴ እጅ ወደ ተራራችን የወጣ።

እስራኤል ገብቼ አሽቀሎን ባሕር ዳር ስወርድ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ጣቴን ነክሬ መላስ ነበር። አብራኝ የነበረች አንዲት እናት «ምን ምን ይላል?» ብትለኝ «አሞሌ» አልኋት። እሷም ላሰችና «እውነትህን ነው፤ የሀገራችን ጨው ነው» ብላ ሳቀች። በኋላ እንዳነበብሁት በዚህ በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ጫፍ አንድ ሊትር ውኃ 39 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ከውቅያኖሶች አማካይ ልክ በ4 ግራም ያህል ይበልጣል። ፀሐዩ ብዙ ያተናል፤ የሚገባው የወንዝ ውኃ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ታሪክ ልሻገር። ኢትዮጵያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ተራራ ብቻ ነው። ነገር ግን የአክሱም መንግሥት ያበበው በባሕር ነው። ወደቡ አዱሊስ ይባል ነበር፤ ፍርስራሹ ከምፅዋ በስተደቡብ ይገኛል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ አዱሊስን ያነሣታል፤ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት የሚወጣባት ናት ይላል። በ525 ገደማም ንጉሥ ካሌብ ሠራዊቱን በመርከብ ጭኖ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ወረደ። በዚያ ዘመን የነበረው የቢዛንታይን ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚያ ባሕር ስለሚሄዱት መርከቦች ሲጽፍ፣ ሳንቃቸው በብረት ምስማር ሳይመታ በገመድ ተሰፍቶ የተያያዘ ነው ብሏል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለቤተ እስራኤል፣ ለኢትዮጵያ አይሁድ፣ ሁለት ፊት አለው። ካሌብ የዘመተበት የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ የአይሁድን እምነት የተቀበለ ሰው ነበር፤ በክርስቲያኖች ላይ ግፍ ፈጸመ ተብሎ ነው የተዘመተበት። ባሕሩን የተሻገረው ጦር የኢትዮጵያ ነው፤ የተሸነፈው ንጉሥ ደግሞ በሃይማኖቱ የእኛ ወገን። የትኛውን ወገን ይዘን እንድናነበው አልነግራችሁም። ይልቅስ ሁለቱም ወገን የባሕር ታሪክ እንዳለው ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ እየራቀን ሄደ። በዘመናችን ኢትዮጵያ በ1952 ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ምፅዋንና አሰብን አገኘች፤ ባሕር ኃይልም አቋቋመች፤ በ1964 የንግድ መርከብ ድርጅቷን መሠረተች። በ1993 ኤርትራ ነፃ ስትወጣ እንደገና ወደብ አልባ ሆነች። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ። ደስ የሚለኝ ግን መርከቦቿ ከነሰንደቅ ዓላማቸው ዛሬም ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን ተቋም አለው፤ ከጣና ዳር ተነሥተው በዓለም ውቅያኖሶች ላይ የሚሠሩ ወጣቶች ከዚያ ይወጣሉ። ደጋ መወለድ ለመርከበኛነት እንቅፋት እንደማይሆን ከነሱ በላይ ምስክር የለኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን ልምጣ። በአባቶቻችን ጸሎት ውስጥ ባሕር ትልቅ ቦታ ነበረው። ኦሪቱ ሲነበብ ባሕሩ ተከፍሎ ሕዝቡ በደረቅ የተሻገረበት ታሪክ እኛን የሚጠብቅ ነገር ሆኖ ነበር የሚሰማን። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ባሕር መሻገር ግድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እንዴት እንደሚሻገሩት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1862 አባ መሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ጊዜው ደረሰ አሉ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው፤ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በወገኖቻችን መካከል ገብተው ሃይማኖት ማስለወጥ የጀመሩበትና በንጉሡ ፊት ክርክር የተደረገበት ጊዜ። ጭንቀቱ ተስፋን ወለደ። ከየመንደሩ ብዙ ሰው ቤቱንና ማሳውን ጥሎ አባ መሃሪን ተከተለ። ቀይ ባሕር ላይ ሲደርሱ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጓዙ። ባሕሩን ግን አላዩትም። በትግራይ፣ አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረሀብና በሽታ ፈጃቸው። ከሞት የተረፉት ጥቂቱ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ይህን ታሪክ ሞኝነት የሚሉት አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ካርታ የሌለው፣ መርከብ የሌለው፣ ወዳጅ መንግሥት የሌለው ሕዝብ ያለውን ይዞ ተነሣ፤ የነበረውም እምነት ነው።

ወደ 120 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ መንገዱ በሌላ በኩል ተገኘ። ከወገራና ከሰሜን፣ ከአርማጭሆና ከቋራ፣ ከወልቃይትና ከትግራይ የተነሣ ሰው ወደ ምዕራብ እየተጓዘ በሱዳን ገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ገባ። መንገዱን ከከፈቱት አንዱ መምህር የነበረው ፈረደ አክሉም ነው። በ1981 ደግሞ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ጣሊያኖች ሠርተው የተዉት መንደር ነው። ቀን ቀን ከአውሮፓ የመጡ ቱሪስቶች ውኃ ውስጥ እየጠለቁ ዓሣና ኮራል ያያሉ፤ አስተናጋጆቻቸው ሰላዮች መሆናቸውን አያውቁም። አስተናጋጆቹ በተመረጡ ሌሊቶች መኪና አስነሥተው ካምፖቹ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ሰዎቻችንን ጭነው፣ ኬላ እያለፉ፣ ቀን እየተደበቁ ወደ ባሕሩ ያመጣሉ። በዚያም የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች የጎማ ጀልባ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ራቅ ብላ ደግሞ «ባት ጋሊም» የምትባል መርከብ ቆማለች።

በመጀመሪያው የባሕር ጉዞ፣ በኖቬምበር 1981፣ ከ160 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ወጡ። አብዛኞቹ ባሕርም መርከብም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጨለማ ነው፤ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ እናት ልጇን አቅፋ፣ ሽማግሌው በወታደር ትከሻ ተይዞ ሞገድ ላይ በምትንሳፈፍ ጎማ ይሳፈራል። መርከቧ ቀይ ባሕርን ወደ ሰሜን ይዛ ሻርም ኤል ሼክ አወረደቻቸው፤ ቦታው እስከ ኤፕሪል 1982 በእስራኤል እጅ ነበር። በማርች 1982 ግን በአንዱ ጉዞ የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንድ መስሏቸው ተኮሱ፤ ጀልባዎቹ ከዳርቻው አመለጡ። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ አውሮፕላን ዞረ። ቀጥሎ በአውሮፕላን የተደረገውን የሙሴ ዘመቻ ታውቁታላችሁ፤ በሱዳን መንገድ የቀሩትን ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችንንም በሄርዝል ተራራ በየዓመቱ እናስባቸዋለን።

አባ መሃሪ የጠበቁት ባሕር አልተከፈለም፤ በላዩ ላይ ግን መንገድ ተገኘ። ስለዚህ አንድ ወጣት «እኛና ባሕር ምን አገናኘን?» ሲለኝ፣ ልጄ፣ አያትህ በባሕር ነው የመጡት፤ ባይመጡበትም ጸልየውበታል እለዋለሁ።

አሁን እዚሁ ከተማችን እንግባ። አሽዶድ አዲስ ከተማ ናት፤ የዛሬዋ የተቆረቆረችው በ1956 ነው። ስሟ ግን እጅግ አሮጌ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አዛጦን» ተብላ የተጻፈችው፣ ታቦቱ ተማርኮ በዳጎን ቤት የተቀመጠባት ከተማ ይህችው ናት፤ ጥንታዊው ጉብታ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብሎ ይገኛል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 20ን ክፈቱ፤ የአሦር ንጉሥ ሳርጎን አሽዶድን ያስያዘበት ዓመት ይነሣል፤ ነቢዩም በዚያው ስለ ግብጽና ስለ ኢትዮጵያ ይናገራል። ዘመኑ 711 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። የሳርጎን ጽሑፎች እንደሚሉት የአሽዶድ ገዥ የነበረው ያማኒ ሸሽቶ በኩሽ ንጉሥ ዘንድ ተጠጋ፤ የኩሽ ንጉሥ ግን አስሮ ለአሦር አስረከበው። ያ ኩሽ በአሁኑ ሱዳን ምድር የነበረ መንግሥት ነው። አንድ የአሽዶድ ሰው መጠጊያ ፍለጋ ወደ ሱዳን ሸሽቶ ነበር፤ ከ2,600 ዓመት በላይ ቆይቶ እኛ ከሱዳን ወደ አሽዶድ መጣን።

በከተማችን ደቡብ፣ ባሕሩ ዳር፣ የቆመውን የድንጋይ ምሽግ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሩሳሌም ተወላጁ ጸሐፊ አል-ሙቀደሲ እንደሚነግረን፣ በዚህ ዳርቻ ያሉ ምሽጎች ምርኮኞች በገንዘብ የሚዋጁባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ምርኮኛ የጫነ የቢዛንታይን መርከብ ከሩቅ ሲታይ ከማማው እሳት ይነዳል፣ ሕዝቡም ያለውን ገንዘብ ይዞ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የአሽዶድ ዳርቻ ሰው ከባሕር የሚቀበል ዳርቻ ሆኖ መቆየቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እስካሁን የነገርኋችሁ የሰዎችን ጉዞ ነው። አባቴ ያልመለሰልኝ ጥያቄ መልስ ያገኘውም እዚሁ ነው። ይህ የምንረግጠው አሸዋ ከየት መጣ? የጂኦሎጂ ሊቃውንት መልሳቸው አጭር ነው፤ ከናይል። ናይል ወደ ባሕር ያስገባውን አሸዋ ሞገድና የዳርቻ ጅረት ከግብጽ ደልታ አንሥተው በሲና፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎን በኩል ወደ ሰሜን ይገፉታል፤ ጉዞውም ሃይፋ አካባቢ ያልቃል። የደቡብ ሰፈሮቻችን ትልቁ የአሸዋ ኮረብታ፣ እስከ ኒጻኒም የሚዘረጋውም አሸዋ፣ ነፋስ ከዚሁ ዳርቻ እያነሣ የከመረው ነው።

ናይልስ ከየት ያመጣዋል? የአስዋን ታላቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ናይል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ይወርድ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ በአባይና በአትባራ የሚወርድ ነው። ጣና ያጠራቀመው ጣና ውስጥ ይቀራል። ከወገራ፣ ከሰሜን ተራሮች፣ ከአርማጭሆና ከወልቃይት የሚጠረገው ግን በአንገረብ፣ በዛሪማና በተከዜ አድርጎ አትባራ ይገባል፤ ከዚያ ናይል፣ ከናይል ባሕር። እርግጥ ነው፣ የዚህ አሸዋ አብዛኛው ነጭ ፍሬ የብዙ አገር ነው፤ በመንገዱ ካለው በረሃም ተቀላቅሏል። በመካከሉ ካለው ጥቁር ፍሬ ውስጥ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣ አለ፤ ይህም የኢትዮጵያን ደጋ የሠራው የጥቁር ድንጋይ ዘር ነው። የክረምት ማዕበል ካለፈ በኋላ በዳርቻው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር የምታዩት እንዲህ ያለው ከባድ ፍሬ ነው።

አባይ ማደሪያ አለው፤ አንደኛው ማደሪያው አሽዶድ ነው። እኛ ሳንመጣ የሀገራችን ድንጋይ ቀድሞን ደርሷል።

የአስዋን ግድብ ግን በ1964 የናይልን ጎርፍ ያዘ። ውጤቱ ወዲያውኑ ታየ። በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ ደለሉ ባሕሩን ይመግበው ነበር፤ ያን ተከትሎ ሰርዲን ይሰበሰብ ነበር፤ ጎርፉ ሲቀር የግብጽ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቀ። የደልታው ዳርቻም በሞገድ እየተበላ ነው። ሰው የሠራው ሌላም አለ፤ የእኛው ነማል ወደ ባሕሩ የገፋው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሞገድ መከላከያ ግንብ ከደቡብ የሚመጣውን አሸዋ ያቆመዋል። በደቡብ በኩል አሸዋ ሲከማች፣ በሰሜን በኩል ያለው ዳርቻ ይጎድልበታል። ስለዚህ አሸዋችን ጠብቀን የምናቆየው ነገር እንጂ ማለቂያ የሌለው ሀብት አይደለም።

ነማሉን ካነሣሁ የምኮራበትን ሥራ ጥቂት ልበል። ግንባታው በ1961 ተጀመረ፤ ነማሉ በ1965 ሥራ ጀመረ፤ ያን ጊዜም የያፎና የቴል አቪቭ ወደቦች ለጭነት መርከብ ተዘጉ። ከዚህ የሙት ባሕር ፖታሽና የኔጌቭ ፎስፌት ይወጣል፤ በዚህ መኪናው፣ እህሉ፣ የቤት ዕቃው ይገባል። በኮንቴይነር ከሚመጣው መካከል ልቤን የሚነካው የሁመራ ሰሊጥ ነው። የእስራኤል ጠሒና ሠሪዎች የሁመራን ሰሊጥ ከፍ አድርገው ያዩታል። ሁመራ ደግሞ የተከዜ ዳር ናት። አሸዋው በወንዝ፣ ሰሊጡ በመርከብ፣ እኛ በእግርና በአውሮፕላን፤ ሁላችንም ከአንድ ተፋሰስ ነን።

ባሕሩ በቧንቧችንም አለ። በከተማችን የባሕር ውኃን ጨው አጣርቶ የሚጠጣ የሚያደርግ ፋብሪካ አለ፤ በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የማምረት አቅም አለው። ውኃውን በከፍተኛ ግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ ያሳልፉታል፤ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል። እናቶቼ፣ ዛሬ ጠዋት ቡና ያፈላችሁበት ውኃ ከባሕር የመጣ ሊሆን ይችላል።

በበጋ ስለምታማርሩበት ስለ መዱዛ፣ ስለዚያ ተናዳፊ የባሕር እንስሳም ልንገራችሁ። በሙቀቱ ወራት በመንጋ የሚመጣው ትልቁ ነጭ መዱዛ የሜዲትራኒያን ተወላጅ አይደለም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ከቀይ ባሕር ወደዚህ ተሻግረዋል፤ እሱም ከ1970ዎቹ ወዲህ የታየ መጤ ነው። እነሱ በስዊዝ፣ እኛ በፖርት ሱዳን፤ ሁላችንም የቀይ ባሕር ዓሊያ፣ የቀይ ባሕር መጤዎች ነን። እኛ ግን አንናደፍም።

ባሕርም ወደ ኢትዮጵያ እየሄደ ነው። በአፋር ምድር እየተሰነጠቀ ነው፤ በሴፕቴምበር 2005 በዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር ደረሰ። ሊቃውንት በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ቀይ ባሕር ተመልሶ ይገባበታል ይላሉ። ወደብ የምትጠብቁ ትንሽ ታገሡ።

ወገኖቼ፣ ሳቁን እዚህ ላይ ልግታው። ባሕር እወዳለሁ ስል አልፈራውም ማለቴ አይደለም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አባቶቻችን ወንዝ አይተው ነው፤ በዚህ ዳርቻ ግን አባባሉ ሳይንስ ነው። ሞገድ በአሸዋ ጉብታዎች ላይ እየተሰበረ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ መውጫ ይፈልጋል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለውን ጥልቅ ቦታ ይዞ እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይፈሳል። በዚያ ቦታ ሞገዱ ስለማይሰበር ባሕሩ ጸጥ ያለ ይመስላል። ዋና የማያውቅ ሰው የሚመርጠው ደግሞ ጸጥ ያለውን ቦታ ነው። ጅረቱ ከያዛችሁ ወደ ዳር በቀጥታ ለመመለስ አትታገሉ፤ ጉልበታችሁን ይጨርሳል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ጅረቱ ጠባብ ነው፣ ትወጡበታላችሁ። ካልቻላችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሡ። በዳርቻው የሚሰቀለውን ባንዲራ ትርጉም ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ ታዘዙትም። ማጺል፣ ማለትም የዋናተኞች ጠባቂ፣ በሌለበት ዳርቻና ከሥራ ሰዓት በኋላ አትግቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ትዝታውን ሰብስቡ። በባት ጋሊም የመጡት አርጅተዋል። የአባ መሃሪን ዘመን ከአያቶቻቸው የሰሙም ጥቂት ናቸው። ስልክ የያዛችሁ ልጆች፣ መቅጃውን አያታችሁ ፊት አስቀምጡና «ባሕሩን መጀመሪያ ያዩት ዕለት ምን አሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአሩስን ታሪክ በፊልም የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ በፊልሙ ላይ ሰላዮቹ ይናገራሉ፤ ጀልባ ላይ የተቀመጡት የእኛ ሰዎች የሚናገሩት ገና ብዙ አለ።

ሁለተኛ፣ ባሕርን ሙያ አድርጉት። በሚክሞሬት የባሕር ትምህርት ቤት አለ፤ በአኮ የመርከብ መኮንኖች ትምህርት ቤት አለ፤ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ይሰጣል፤ የአገሪቱ የውቅያኖስና የሐይቅ ምርምር ተቋምም እዚያው ሃይፋ ነው። ስለ አሸዋው፣ ስለ መዱዛው፣ ስለ ጨዉ የነገርኋችሁን ሁሉ ያገኙት እንዲህ ባሉ ቦታዎች የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከተከዜ ምንጭ የመጣ ቤተሰብ ልጅ የተከዜን ደለል ከባሕሩ ወለል አውጥቶ ቢመረምር ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ ዋና ተማሩ። ልጆች ብቻ አይደሉም፤ እናንተም እናቶቼ። ለወንድና ለሴት የተለየ ዳርቻ በከተማችን አለ፤ ማፈር አያስፈልግም። ባሕር ዳር እየኖሩ ውኃውን ከሩቅ ማየት ብቻ፣ በልጅ ላይ አደጋ ሲመጣም ዳር ቆሞ መጮህ ብቻ፣ ለእኛ አይገባም። በዚህ አዳራሽ በር ላይ አንድ ወጣት ለአዋቂዎች የዋና ትምህርት ስም ይመዘግባል። በዝርዝሩ መጀመሪያ ያለው የባለቤቴ ስም ነው፤ ወድዳ ያስመዘገበችው ራሷ ናት። ሁለተኛው የማን እንደሚሆን በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።